ብርሃንን በቆርቆሮ ቀዳዳና በሲኒ ጥላ እንዴት ማስተዋል ይቻላል?

ለዚህ ካሜራ አያስፈልግም። ነጭ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ሲኒና አንድ ሻማ ይበቃሉ። ዓይንዎን ከብርሃኑ ምንጭ አንስተው ብርሃኑ ወደሚያርፍበት ያዙሩ። ፀሐይን በቀጥታ ማየት ዓይን ይጎዳል፤ አምፖል ላይ ማፍጠጥም ዓይን ከማጭበርበር በቀር ጥቅም የለውም።

መጀመሪያ ኮርኒስ የሌለው ማድቤት ወይም መጋዘን ይፈልጉ፤ በደሴ የቆዩ ሰፈሮች ይህ ብዙ አያስቸግርም። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ገብተው በሩን ይዝጉ። ከቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ክብ ወይም ሞላላ ሆኖ ያርፋል። ቀዳዳው ማዕዘን ቢኖረውም ለውጥ የለም፤ የሚያዩት የፀሐይዋን ምስል ነው። ወረቀቱን ጨረሩ ፊት ለፊት እንዲመታው አድርገው በሣጥን ያስደግፉ። ከቀዳዳው 3 ሜትር ርቀት ላይ ከሆነ የክቡ ስፋት 3 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ዙሪያውን በእርሳስ ያስምሩና ይጠብቁ፤ 2 ደቂቃ ያህል ሲያልፍ ብርሃኑ ከመስመሩ ወጥቶ ጎኑ ላይ ያገኙታል። ስስ ደመና ካለፈ ደመናውም ወረቀቱ ላይ ተገልብጦ ሲሻገር ይታያል። ምስሉ ከደበዘዘ ወይ ቀዳዳው ከግማሽ ሳንቲሜትር ይሰፋል፣ ወይ በሩ ብርሃን ያስገባል።

ጨረሩን ራሱን ማየት ከፈለጉ ዕጣን ያጭሱ። ጥላሸት ከጠገበ ግድግዳ ፊት ጭሱ ሰማያዊ ይመስላል፤ ደቃቅ ብናኞቹ ሰማያዊውን ብርሃን አብልጠው ይበትናሉና። ያንኑ ጭስ በብሩህ መስኮት አንጻር ቢያዩት ወደ ቡኒ ያደላል።

አመሻሽ ላይ ደሴ ውስጥ ብዙ ሰው በምዕራብ በኩል ወዳለው የጦሳ ተራራ ያያል። ይልቅ ፊትዎን ወደ አዝዋ ገደል ያዙሩ፤ የጦሳ ጥላ ከተማውን ከሸፈነ በኋላ የመጨረሻው ብርሃን የሚቆየው በምሥራቅ በኩል ባለው ከፍታ ላይ ነው።

ከዚያ ወደ ቤት ይግቡ። ቀኑ ሳይጨልም ነጭ ወረቀት መስኮት አጠገብ ዘርግተው ሲኒ ያስቀምጡበት፤ ከመስኮቱ ተቃራኒ በኩል ሻማ ያብሩ። ሲኒው ሁለት ጥላ ይጥላል፦ አንዱ ሰማያዊ፣ ሌላው ብርቱካንማ። ሻማው የማይደርስበትን ጥላ የሚያበራው የሰማዩ ብርሃን ብቻ ነው፤ መስኮቱ የማይደርስበትን ደግሞ ሻማው ብቻ። ሻማውን ከ30 ሳንቲሜትር ጀምረው ያቅርቡ፣ ያርቁ፤ ቀለሙ ጎልቶ የሚወጣው ሁለቱ ጥላዎች እኩል ሲጠቁሩ ነው። ቶሎ ከጀመሩ የመስኮቱ ብርሃን ሻማውን ይውጠዋል፤ ከዘገዩ ሰማያዊው ጥላ ጥቁር ይሆናል።

በሻማ ፈንታ ካርቶኑ ላይ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚል ቢጫ አምፖልም ይሠራል። 6500 የሚለው ነጭ አምፖል ግን ቀለሙ ከሰማዩ ብርሃን ጋር ስለሚቀራረብ ሁለቱም ጥላ ግራጫ ሆነው ይቀራሉ። መብራት ከጠፋ ደግሞ እሰየው፤ ሻማው አለ፣ የጎረቤት አምፖልም አይረብሽም።