ፋይበርግላስ በኤፖክሲ ከመጣበቁ በፊት ገጹ እንዴት ይዘጋጃል?

የተሰነጠቀ የፋይበርግላስ ዕቃ፣ የፒካፕ ክዳንም ሆነ የከባድ መኪና የነፋስ መከላከያ፣ በኤፖክሲ (ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው በሚጠነክር ማጣበቂያ) ተጣብቆ ብዙም ሳይቆይ ሲላቀቅ አብዛኛው ሰው ማጣበቂያውን ይወቅሳል። የተላቀቀውን ቦታ አስተውሎ የተመለከተ ግን ኤፖክሲው በአንደኛው ወገን ሙሉ በሙሉ ተጣብቆ ቀርቶ፣ ሌላኛው ወገን ልሙጥ ሆኖ ካገኘው፣ ችግሩ የገጽ ዝግጅት ጉድለት መሆኑን ይረዳል።

በቅድሚያ ዕቃው በእርግጥ ፋይበርግላስ መሆኑ ይረጋገጥ። በጀርባው በኩል የመስታወት ክር ሽመና ወይም የተበታተነ የክር ቁርጥራጭ ይታያል። የፕላስቲክ የውሃ ታንከሮችና ብዙዎቹ የመኪና ባምፐሮች የተሠሩት ከፖሊኢትሊን ወይም ከፖሊፕሮፒሊን ስለሆነ፣ የቱንም ያህል ቢፈገፈጉ ተራ ኤፖክሲ አይዛቸውም።

ቀጣዩ ሥራ ማጽዳት ነው፤ መፈግፈግ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህ ቅደም ተከተል ሊዛባ አይገባም፤ ምክንያቱም ዕቃው ከቅርጽ ማውጫው በቀላሉ እንዲላቀቅ የተቀባው ሰም፣ እንዲሁም ለማብረቂያ የሚቀባው ሲሊኮን ሳይነሣ የብርጭቆ ወረቀት ካረፈበት፣ ቅባቱ ወደ ጭረቶቹ ውስጥ ይገባል። አሴቶን በተባለ ቅባት አሟሚ ፈሳሽ በተነከረ ነጭ የጥጥ ጨርቅ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከጠረጉ በኋላ፣ ፈሳሹ ሳይተን በሌላ ደረቅ ጨርቅ ያንሡት። አሴቶኑ በራሱ ከደረቀ ያሟሟውን ቅባት እዚያው ጥሎት ይሄዳል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ከተማ ደግሞ በፍጥነት ስለሚተን፣ በአንድ ጊዜ ከመዳፍ ስፋት በላይ ባይጠርጉ ይመረጣል። አሴቶን በቀላሉ የሚቀጣጠል በመሆኑ ከእሳትና ከብየዳ ይራቅ፤ ቦታውም አየር የሚያገኝ ይሁን።

ከዚያ ቁጥር 80 እስከ 120 በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ። ጭነት የሚሸከም ጥገና ከሆነ ቀለሙና ጄልኮቱ (የፋይበርግላሱ አንጸባራቂ የላይ ሽፋን) ተነሥተው እስከ ዋናው የፋይበር አካል መድረስ ያስፈልጋል፤ ኤፖክሲው ጄልኮት ላይ ብቻ ከተጣበቀ፣ ጄልኮቱ ራሱ ተገንጥሎ ሊነሣ ይችላል። አንጸባራቂነቱ በሙሉ ጠፍቶ ገጹ ወጥ የሆነ ደብዛዛ መልክ ሲይዝ ያቁሙ፤ ከዚያ በላይ መፈግፈግ የመስታወቱን ክር እየበጠሰ ዕቃውን ያደክመዋል። ብናኙ ሳንባንና ቆዳን ስለሚጎዳ የአቧራ ማስክ፣ መነጽርና ጓንት የግድ ናቸው።

ብናኙን በንጹሕ ደረቅ ብሩሽ ወይም በቫኪዩም ያንሡት። ብዙ ጋራዦች በኮምፕሬሰር አየር ይነፉታል፤ ነገር ግን ማጣሪያ የሌለው ኮምፕሬሰር ከአየሩ ጋር ዘይትና እርጥበት ስለሚረጭ የተደከመበትን ያበላሻል። ከዚያ በአሴቶን በሁለት ጨርቅ የመጥረጉ ሥራ ይደገማል።

ገጹ መጽዳቱን ለማወቅ ጥቂት ውሃ ይርጩበት። ውሃው ሳይቆራረጥ ተንጣልሎ ከቆየ ንጹሕ ነው፤ ወደ ነጠብጣብ ከተሰበሰበ ቅባት አለ ማለት ስለሆነ ከመጀመሪያው ይጀመራል። የድሬዳዋ የቧንቧ ውሃ ኖራ የበዛበትና ሲደርቅ ነጭ ቅሪት የሚተው በመሆኑ፣ ለዚህ ፍተሻ ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ መጠቀም ይሻላል። ከፍተሻው በኋላ ገጹ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ከዚህ ወዲያ በባዶ እጅ አይነካም፤ ከግንባር የሚንጠባጠብ ላብም ቢሆን ትልቅ ጠላት ነው።

የተዘጋጀ ገጽ ሳያድር በዚያው ዕለት መጣበቅ አለበት። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር የብዙ ኤፖክሲዎች የመሥሪያ ጊዜ በግምት በግማሽ ስለሚያጥር፣ ነፋስ አቧራ ሳያነሣና ቀኑ ሳይግል በማለዳ፣ በጥላ ሥር መሥራት ይገባል። ሁለቱን ፈሳሾች አምራቹ ባዘዘው መጠን ለክተው ይቀላቅሉ፤ እንዲፈጥን ብሎ ማጠንከሪያውን ማብዛት ኤፖክሲውን ያደክመዋል። ሁለቱንም ገጾች ከቀቡ በኋላ በሞርሳ ሲያስሩ፣ ማጣበቂያው ተጨምቆ እንዳያልቅ በጠርዙ ትንሽ ብቅ ሲል ማጥበቁን ያቁሙ፤ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ጊዜ ሳይሞላም ሞርሳውን አይፍቱ።