ልጅዎ በካሊፎርኒያ ለፊልም ሥራ ሲመረጥ አስቀድመው ሊያደርጉት የሚገባ

በሎስ አንጀለስና በአካባቢው የሚኖሩ ወላጆች ልጃቸው ለፊልም ወይም ለማስታወቂያ ሲመረጥ ብዙውን ጊዜ አስቀድመው የሚጨነቁት ስለ ቀረጻው ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የባንክ ሂሳቡ ሊታሰብበት ይገባል እላለሁ፤ ምክንያቱን የጃኪ ኩገን ሕይወት ያስረዳል።

ኩገን እ.ኤ.አ. በ1914 በሎስ አንጀለስ ከመድረክ ሰዎች ተወለደ። ቻርሊ ቻፕሊን በመድረክ ላይ አይቶት፣ በ1921 ለሕዝብ በቀረበው «ዘ ኪድ» ፊልም ላይ አብሮት ካሠራው በኋላ ስሙ በዓለም ዙሪያ ገነነ፤ በልጅነቱም ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ገንዘብ አገኘ። አባቱ በ1935 በመኪና አደጋ ሞቱ፤ እርሱም 21 ዓመት ሞልቶት ገንዘቡን ሲጠይቅ፣ እናቱና የእንጀራ አባቱ አብዛኛውን አጥፍተውት ቆዩት። በ1938 ከሰሳቸው፤ ይሁን እንጂ በጊዜው ሕግ ልጅ ሠርቶ ያገኘው የወላጁ ሀብት ስለነበረ፣ ከክርክሩ በኋላ የደረሰው 126 ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ ነበር። ካሊፎርኒያ የሕፃናት ተዋንያንን ገቢ የሚጠብቀውን ሕግ በ1939 ያወጣችው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ውሉ እንደተፈረመ ሳይዘገዩ፣ ወይም ከዚያ አስቀድመው፣ በልጅዎ ስም «የኩገን ሂሳብ» የሚባለውን የአደራ ሂሳብ ይክፈቱ። ተራ የቁጠባ ሂሳብ አይተካውም፤ ሁሉም ባንክ ስለማይከፍተውም አስቀድመው ስልክ ደውለው ያረጋግጡ። አሠሪው ከልጁ ጠቅላላ ክፍያ 15 በመቶውን በቀጥታ ወደዚህ ሂሳብ ያስገባል፤ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድም ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ማንም አያወጣውም።

የቀረው ገንዘብስ? በእኛ ቤት ልጅ ያገኘው የቤተሰብ ነው ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው፤ ይህም ከፍቅርና ከመተጋገዝ የመጣ ልማድ እንጂ ከክፋት የመነጨ አይደለም። ሆኖም ከ2000 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ሕግ መሠረት ቀሪውም ቢሆን የልጁ የግል ሀብት ነው። ለትራንስፖርት ወይም ለሥልጠና ያወጡትን እያንዳንዱን ወጪ ከነደረሰኙ መዝግበው ያስቀምጡ፤ ልጁ አድጎ ቢጠይቅዎ በግልጽ ማሳየት ይችላሉ።

ሥራ ለማግኘት ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ወኪል ካጋጠመዎ ተዉት። ሕጋዊ ወኪል ኮሚሽኑን የሚወስደው ልጁ ሠርቶ ከሚያገኘው ክፍያ ላይ ነው።

ልጁ ለመሥራት የሚያስፈልገው የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው በክፍለ ግዛቱ የሠራተኛ ኮሚሽነር ቢሮ ነው። ተማሪ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ውጤቱና የክፍል ክትትሉ አጥጋቢ መሆኑን በማመልከቻው ላይ ማረጋገጥ አለበት፤ በትምህርት ያልበረታ ልጅ ፈቃድ ሊከለከል ስለሚችል፣ ከመምህራኑ ጋር ቀደም ብሎ መነጋገር ይበጃል።

በቀረጻ ቦታ ዕድሜው ከ6 እስከ 8 ዓመት የሆነ ልጅ በትምህርት ቀን ከ4 ሰዓት፣ ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆነው ደግሞ ከ5 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ለሁለቱም የ3 ሰዓት ትምህርትና የ1 ሰዓት ዕረፍት ይጠበቅላቸዋል። አሠሪው የሚመድበው የስቱዲዮ መምህር ከማስተማር ባሻገር የልጁን ጤናና ደኅንነት ይከታተላል፤ ሥራው ለልጁ አደገኛ መስሎ ከታየውም ሊያስቆመው ሥልጣን አለው። እርስዎም ልጅዎ ከ16 ዓመት በታች ከሆነ ከዓይንዎ ወይም ከጆሮዎ አይራቅ። ዳይሬክተሩን አላስቀይምም ብለው ዝም አይበሉ፤ ልጁ ሲደክም ወይም ሲፈራ ለመምህሩ ወዲያውኑ ይንገሩ። ፈቃዱ ቢበዛ ለ6 ወር ብቻ ስለሚያገለግል፣ የሚያበቃበትን ቀን መዝግበው አስቀድመው ያሳድሱት።