ስለ ዩዋንና ዶላር ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብሪክስ (ቻይናን፣ ሩሲያን፣ ሕንድንና ብራዚልን የያዘው የአገሮች ቡድን) በተሰበሰበ ቁጥር ለዶላር ሙሾ የሚያወርድ አይጠፋም። ኢትዮጵያ በጃንዋሪ 2024 ከተቀላቀለች ወዲህ ደግሞ «የቻይናው ዩዋን ዶላርን ሊተካ ነው» የሚለው ወሬ እኛም ዘንድ በርትቷል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወሬው ውስጥ ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች አሉ።

የመጀመሪያው፣ ኢኮኖሚው ከገዘፈ ገንዘቡም ወዲያው ይነግሣል ብሎ ማሰብ ነው። አሜሪካ በምርት ብዛት እንግሊዝን ያለፈችው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ዓለም ግን እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ከፓውንድ አልተላቀቀም። ጃፓንም በ1980ዎቹ ጉድ አሰኝታ ነበር፤ ገንዘቧ የን ግን ዛሬ ማዕከላዊ ባንኮች ከሚያስቀምጡት የውጭ ምንዛሪ ክምችት ያለው ድርሻ 6 በመቶ ገደማ ነው።

ሁለተኛው መክፈያንና ማስቀመጫን ማምታታት ነው። ሩሲያ ከ2022 ወዲህ ከቻይና ጋር በዩዋንና በሩብል ትነግዳለች፤ ኬንያ በ2025 የባቡር ሐዲድ ብድሯን ከዶላር ወደ ዩዋን አዙራለች። በዩዋን ዕዳ መክፈል ግን አንድ ነገር፣ የክፉ ቀን ጥሪትን በዩዋን ማስቀመጥ ሌላ ነገር ነው። በዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) መረጃ ከማዕከላዊ ባንኮች ክምችት የዩዋን ድርሻ ከ2 በመቶ ብዙም አይዘልም፤ የዶላር ከግማሽ በላይ ነው።

ትልቁ ስህተት ግን መውጫውን፣ ማለትም ገንዘብን ሲፈልጉ ከአገሪቱ የማስወጣቱን ነገር፣ መርሳት ነው። የቻይና ማዕከላዊ ባንክ ኦገስት 11 ቀን 2015 የዩዋንን ምንዛሪ በአንድ ጀምበር 2 በመቶ ገደማ ዝቅ አደረገ። ሀብታሙም ኩባንያውም ደንግጦ ገንዘቡን ማሸሽ ያዘ። በ2014 አጋማሽ 4 ትሪሊዮን ዶላር ሊሞላ ጥቂት የቀረው የአገሪቱ ክምችት በ2017 መጀመሪያ ወደ 3 ትሪሊዮን ወረደ። ቤጂንግ በሩን አጠበበች። ለአንድ ሰው በዓመት የሚፈቀደው የ50 ሺህ ዶላር የምንዛሪ ጣሪያ ባይነካም፣ ከ2017 መባቻ ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ የሚገዛው ሰው በገንዘቡ ውጭ አገር ቤት እንደማይገዛ፣ አክሲዮን ላይ እንደማያውለው ፈርሞ ማረጋገጥ ነበረበት። የሚገርመው፣ አይኤምኤፍ ዩዋንን ከዶላር፣ ከዩሮ፣ ከየንና ከፓውንድ ጋር የራሱን የክምችት መለኪያ (ኤስዲአር) ዋጋ በሚያሰላበት የገንዘቦች ቅርጫት ውስጥ ያስገባው በዚሁ መሃል፣ በኦክቶበር 2016 ነው።

የማዕከላዊ ባንክ ገዢን የሚያስጨንቀው ይኸው ነው፦ ነዳጅና ስንዴ መግዣ ሲቸግር፣ የያዘውን ቦንድ በዚያው ቀን ሸጦ ገንዘቡን ማውጣት ይችላል ወይ? በአሜሪካ የግምጃ ቤት ሰነድ ይችላል። የቻይናውን ከያዘ ግን ቤጂንግ በዚያ ሰሞን ምን እያሰበች እንደሆነ ማጣራት ይኖርበታል።

«ቻይና አቅም አንሷት ነው» የሚሉም አሉ። በእኔ ግምት የጎደለው ፍላጎት ነው። ገንዘብ እንደ ልቡ ከገባና ከወጣ፣ ገዢው ኮሚኒስት ፓርቲ የምንዛሪውንና የባንክ ብድሩን ልጓም ይለቃል፤ ይህን ደግሞ የሚያደርገው አይመስልም።

የሩሲያ 300 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ክምችት በ2022 በምዕራባውያን ሲታገድም «አሁን ሁሉም ወደ ዩዋን ይሮጣል» ተብሎ ነበር። ሩጫው በአብዛኛው ወደ ወርቅ ሆነ፤ ከ2022 እስከ 2024 ማዕከላዊ ባንኮች በየዓመቱ ከ1,000 ቶን በላይ ገዝተዋል።

በመጨረሻም ነገሩን የሁለት ገንዘቦች ግጥሚያ አድርጎ ማየት አለ። የዶላር ድርሻ በ1999 ከነበረበት 70 በመቶ ገደማ ዛሬ ከ60 በታች መውረዱ እውነት ነው። ሆኖም የአይኤምኤፍ ጥናት በ2022 እንዳሳየው፣ ከጎደለው ውስጥ ዩዋን ያገኘው ሩቡን ያህል ነው። የቀረውን እንደ አውስትራሊያና ካናዳ ዶላር፣ እንደ ኮሪያ ዎን ያሉ ማንም ያልጠረጠራቸው ገንዘቦች ተከፋፍለውታል።