በከባድ የልብ ድካም ጊዜ መድኃኒትን በደም ሥር ለመስጠት፦ ከአልጋው አጠገብ የሚሠራው ሥራ

ከባድ የልብ ድካም ያለበት ሰው ትንፋሽ አጥሮት፣ ጋደም ማለት አቅቶት፣ እግሩ አብጦ ሆስፒታል ሲገባ በአፍ የሚዋጠው እንክብል ብዙውን ጊዜ አይደርስለትም። ሰውነት ውሃ ሲቋጥር የአንጀት ግድግዳም አብሮ ያብጣልና የተዋጠው ፉሮሰማይድ የተባለው ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ወደ ደም የሚገባው ዘግይቶ ነው፤ የሚገባውም መጠን ከሰው ሰው በእጅጉ ይለያያል። ያው መድኃኒት በደም ሥር ሲሰጥ ግን በ5 ደቂቃ ገደማ ሥራውን ይጀምርና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ኃይሉ ጣሪያ ይነካል። ይህ ጽሑፍ በተኝቶ ሕክምናና በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ለሚሠሩ ነርሶችና ለጀማሪ ሐኪሞች የተዘጋጀ ሲሆን፣ የክፍሉ የአሠራር ደንብና የኃላፊው ሐኪም ትእዛዝ ምንጊዜም ይቀድመዋል። ብዙ ሰው የሚጨነቀው የትኛው መድኃኒት ይሻላል በሚለው ላይ ነው፤ እኔ ግን መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት የሚለካውና የሚመዘገበው ነገር ይበልጣል ባይ ነኝ።

መርፌ ከመነሣቱ በፊት ሁለት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት አለባቸው። የመጀመሪያው ታካሚው ውሃ ቋጥሯል ወይ የሚል ነው። የአንገት ደም ሥሩ ተገትሮ ከታየ፣ ሳንባው ሲደመጥ እርጥብ ድምፅ ካሰማ፣ እግሩ በጣት ሲጫኑት ከጎደጎደና በጀርባው መተኛት ካቃተው መልሱ ግልጽ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ደም ለአካላቱ በበቂ እየደረሰ ነው ወይ የሚል ሲሆን፣ ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የእጅን ጀርባ ከታካሚው ጉልበት በታች አሳርፎ ቀስ እያሉ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ማውረድ ብዙ ይናገራል። እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ሽንቱ ካነሰ፣ ሐሳቡ መደነጋገር ከጀመረ ልቡ ደም መግፋት ተስኖታል ማለት ነው። የላይኛውና የታችኛው የደም ግፊት መቀራረብም ሌላ ምልክት ነው፤ ግፊቱ 90 በ75 የሆነ ሰው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 15 ብቻ ስለሆነና ይህም ከላይኛው ቁጥር ሩብ በታች ስለሚሆን፣ ልቡ በእያንዳንዱ ምት የሚረጨው ደም በጣም ማነሱን ያስጠረጥራል። አብዛኞቹ ታካሚዎች ውሃ የቋጠሩ ግን እግራቸው የሞቀ ናቸው፤ እነዚህን የሚረዳቸው ውሃውን ማስወጣት እንጂ ልብ የሚያነቃቃ መድኃኒት አይደለም። እግሩ የቀዘቀዘው ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ይህ እየተጣራ ሳለ ታካሚው ቀና ብሎ እንዲቀመጥ ይደረጋል፤ በደሙ ያለው የኦክስጅን ሙሌት ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ኦክስጅን ይሰጠዋል። ክብደቱ ይመዘናል፣ ኢሲጂ (የልብ ምት የኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሣል፣ ለፖታሲየም፣ ለሶዲየምና የኩላሊትን ሥራ ለሚያሳየው ክሪያቲኒን ደም ይላካል። ድካሙን የቀሰቀሰው የልብ ሕመም፣ የምት መዛባት፣ ኢንፌክሽን ወይም መድኃኒት ማቋረጥ መሆኑ ካልተጣራ የሚከተለው ሁሉ ጊዜያዊ ማስታገሻ ሆኖ ይቀራል።

ውሃውን ማስወጣት

ቀደም ሲል ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ወስዶ የማያውቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ሚሊ ግራም ፉሮሰማይድ በደም ሥር ይጀመርለታል። በቤቱ በአፍ ይወስድ የነበረ ከሆነ ግን በቀን የሚወስደው ጠቅላላ መጠን ተሰልቶ፣ ያው ቁጥር ወይም እስከ እጥፉ ድረስ በደም ሥር ይታዘዛል፤ ለምሳሌ 40 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ይውጥ የነበረ ሰው በቀን ከ80 እስከ 160 ሚሊ ግራም ተከፋፍሎ ይሰጠዋል። በዚህ ደረጃ በብዛት የሚታየው ስህተት መፍራት ነው፤ ለዓመታት መድኃኒቱን ሲወስድ ለኖረ ኩላሊት 20 ሚሊ ግራም ሰጥቶ እስከ ንጋት መጠበቅ የታካሚውን ሌሊት ከማባከን አይሻልም። በአንድ ጊዜ የሚገፋ መርፌ ይሻላል ወይስ በፓምፕ ያለማቋረጥ የሚፈስ የሚለው ክርክር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመውና 308 ታካሚዎችን ባካተተው ዶዝ በተባለው ጥናት ተፈትሾ ጉልህ ልዩነት ስላልታየ፣ ክፍሉ የሚመቸውን መምረጥ ይችላል። መጠኑ ከፍ ሲል ግን ፍጥነቱ ከደቂቃ 4 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም፤ 160 ሚሊ ግራም ለመስጠት 40 ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው። ይህን ጊዜ ማሳጠር ጆሮ ላይ ጩኸት፣ ሲከፋም የመስማት ጉዳት ያመጣል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መለካት ነው። መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ታካሚው ፊኛውን እንዲያጸዳ ይደረግ፤ ያ ካልሆነ ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚመረመረው ሽንት ከመድኃኒቱ በፊት ከተጠራቀመው ጋር ተደባልቆ ያሳስታል። በሁለተኛው ሰዓት የሚወሰደው ናሙና የሶዲየም መጠኑ በሊትር ከ50 እስከ 70 ሚሊሞል በታች ከሆነ፣ ወይም በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት የወጣው ሽንት በሰዓት ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ካልሞላ፣ መልሱ በቂ አይደለምና መጠኑ በእጥፍ ይጨመራል። የሽንት ከረጢቱ ላይ የታተሙት መስመሮች ግምት እንጂ ልኬት እንዳልሆኑ መዘንጋት አይገባም፤ ሽንቱ ወደ ተመጠነ ዕቃ ተገልብጦ፣ ዐይንን ከመስመሩ ጋር አስተካክሎ ይነበባል፤ ሰዓቱም አብሮ ይጻፋል። መጠኑ ተጨምሮም ውሃው እምቢ ካለ ሌላ ዓይነት ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ይታከላል። ታያዛይድ የተለመደው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው አድቮር የተባለ ጥናት ደግሞ 519 ታካሚዎችን ይዞ፣ በቀን አንድ ጊዜ 500 ሚሊ ግራም አሴታዞላማይድ በደም ሥር መጨመር ውሃው ቶሎ እንዲለቅ እንደሚረዳ አሳይቷል።

በእነዚህ ቀናት ክሪያቲኒን በመጠኑ ከፍ ሊል ይችላል። እብጠቱ እየቀነሰ፣ ትንፋሹም እየተሻለ ከሆነ ይህ ብቻውን መድኃኒቱን ለማቆም ምክንያት አይሆንም። ፖታሲየም ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሽንቱ በበዛ ቁጥር አብሮ ይወጣል፣ ማነሱም የልብ ምትን ያዛባል፤ ስለዚህ ቢያንስ በየቀኑ ይለካል፣ ማግኒዥየምም አብሮ ይታያል። ፖታሲየም በደም ሥር መተካት ካስፈለገ በእጅ ካኑላ (በደም ሥር ውስጥ በሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ) ብዙውን ጊዜ በሰዓት ከ10 ሚሊሞል አይበልጥም፤ በሲሪንጅ በቀጥታ መግፋት ልብን ያቆማልና በፍጹም አይደረግም።

ደም ሥርን ማላላት

የላይኛው የደም ግፊት ከ110 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ ሆኖ ሳንባው በውሃ የተጨናነቀ ታካሚ ከናይትሮግሊሰሪን ይጠቀማል። ከ10 እስከ 20 ማይክሮ ግራም በደቂቃ ተጀምሮ፣ በየጥቂት ደቂቃው ግፊት እየተለካ ከፍ ይደረጋል፤ ጣሪያው 200 ማይክሮ ግራም በደቂቃ ነው። ራስ ምታት የተለመደ ነው። ከመጀመሩ በፊት ታካሚው ለወንድ ብልት መቆም ችግር የሚወሰዱትንና ከናይትሮግሊሰሪን ጋር ግፊትን ክፉኛ የሚጥሉትን መድኃኒቶች፣ ሲልደናፊል ባለፉት 24 ሰዓታት ወይም ታዳላፊል ባለፉት 48 ሰዓታት እንዳልወሰደ ለብቻው ሆኖ በግልጽ ይጠየቅ፤ ሰው በቤተሰቡ ፊት የማይናገረው ነገር ነውና። መድኃኒቱ በተለመደው ፕላስቲክ ከረጢትና ቱቦ ስለሚመጠጥ በመስታወት ጠርሙስ ወይም ለዚሁ በተዘጋጀ ቱቦ መስጠት ይመረጣል። በ24 ሰዓት ውስጥም ሰውነት ይለምደዋል፤ ትናንት ይበቃ የነበረው መጠን ዛሬ ላይበቃ ይችላል። ናይትሮፕሩሳይድ ከዚህ የበረታ ሲሆን፣ ከብርሃን ተሸፍኖ፣ የደም ግፊት በቅርብ በሚታይበት ክፍል ብቻ ይሰጣል፤ ሲበዛ ወይም ሲቆይ ሳያናይድ ስለሚያጠራቅም ለረጅም ጊዜ የሚያዝ መድኃኒት አይደለም።

ልብን የሚያነቃቁ መድኃኒቶች

እግሩ ወደ ቀዘቀዘው ታካሚ እንመለስ። የላይኛው ግፊት ከ90 በታች ወርዶ፣ አካላቱ ደም እየራባቸው ሲሄድ ዶቡታሚን ወይም ሚልሪኖን ይታሰባል። እነዚህ መድኃኒቶች ልብን ያድሳሉ ብሎ ማሰብ ስህተት ነው፤ የደከመ ልብ ከሌለው ላይ ተበድሮ እንዲሠራ ያስገድዱታል፣ የኦክስጅን ፍላጎቱን ያንሩታል፣ ምቱንም ያዛባሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ኦፕቲም የተባለው ጥናት የአካላት የደም ረሃብ ለሌላቸው ታካሚዎች ሚልሪኖንን እንደ ልማድ መስጠት በሆስፒታል የሚቆዩበትን ጊዜ እንዳላሳጠረ፣ ይልቁንም የግፊት መውረድና የልብ ምት መዛባት እንዳበዛ አሳይቷል። ስለዚህ የሚሰጡት ለሚያስፈልገው ሰው፣ በሚያስፈልገው አነስተኛ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ ነው።

የዶቡታሚን ስሌት ብዙዎችን ስለሚያስቸግር አንድ ጊዜ በዝግታ እንሥራው። 250 ሚሊ ግራም መድኃኒት በድምሩ 250 ሚሊ ሊትር በሚሆን ፈሳሽ ሲበጠበጥ አንዱ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 1000 ማይክሮ ግራም ይይዛል። ታካሚው 60 ኪሎ ግራም ከሆነና ትእዛዙ 5 ማይክሮ ግራም በኪሎ በደቂቃ ቢሆን፣ 5 በ60 ሲባዛ 300 ማይክሮ ግራም በደቂቃ ይመጣል፤ ይህም በ60 ደቂቃ ሲባዛ 18,000 ማይክሮ ግራም በሰዓት ይሆናል። በ1000 ሲካፈል ፓምፑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር 18 ሚሊ ሊትር በሰዓት ነው። የሚጀመረው ግን ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ማይክሮ ግራም ነውና 2.5 ቢታዘዝ ፓምፑ በ9 ይነሣል። ስሌቱን ሁለት ሰው ለየብቻው ሠርቶ ማስተያየት አለበት፤ አንዱ ሠርቶ ሌላው ራሱን ከነቀነቀ ቁጥጥር አይባልም።

ዶቡታሚን በደም ውስጥ ግማሹ የሚጠፋው በ2 ደቂቃ ገደማ ነው። ይህ ጥቅምም አደጋም ነው፤ ምቱ ሲዛባ ቢቆም ቶሎ ይለቃል፣ ሲሪንጁ ሳይታወቅ ካለቀ ግን ግፊቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል። ተተኪው የመጀመሪያው ከማለቁ በፊት ተበጥብጦ፣ ስም ተለጥፎበት ከአልጋው አጠገብ መገኘት አለበት። ሚልሪኖን ግን ግማሹ ለመጥፋት 2 ሰዓት ተኩል ያህል ይወስድበታል፣ የሚወጣውም በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊቱ በደከመ ሰው መጠኑ ይቀነሳል፤ የተለመደው ከ0.375 እስከ 0.75 ማይክሮ ግራም በኪሎ በደቂቃ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚሰጠው የማስነሻ መጠን ግፊትን ስለሚጥል ብዙዎች ይዘሉታል። ቤታ ብሎከር (የልብን ምት የሚያረጋጋ መድኃኒት) ሲወስድ ለነበረ ታካሚ ሚልሪኖን በሌላ መንገድ ስለሚሠራ ይመረጣል ይባላል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ዶሬሚ የተባለ ጥናት ከልብ ድካም በመነጨ ሾክ (ደም ለአካላት በበቂ የማይደርስበት አደገኛ ሁኔታ) የተያዙ 192 ታካሚዎችን አወዳድሮ በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ሌቮሲመንዳን በሚገኝበት አገር ለ24 ሰዓት ተሰጥቶ ውጤቱ ለቀናት የሚቆይ አማራጭ ነው።

ግፊቱ ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልተነሣ ደም ሥርን አጥብቦ ግፊትን የሚያነሣው ኖርኤፒነፍሪን ይታከላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ሶፕ ሁለት የተባለው ጥናት ሌላው ግፊት የሚያነሣ መድኃኒት ዶፓሚን የበለጠ የምት መዛባት እንደሚያመጣ ስላሳየ በብዙ ቦታ ቅድሚያ የሚሰጠው ለኖርኤፒነፍሪን ነው። ኖርኤፒነፍሪን ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋን ስለሚገድል በማዕከላዊ የደም ሥር መስመር መስጠት ይመረጣል፤ ለጊዜው በእጅ ካኑላ ከተጀመረም ቦታው ቶሎ ቶሎ ይታይ፣ ቆዳው ከነጣ ወይም ከቀዘቀዘ መርፌው ሳይነቀል ፍሰቱ ቆሞ ጉዳቱን የሚቀንሰው ፌንቶላሚን እንዲዘጋጅ ተረኛው ሐኪም ይጠራ።

ስለ መስመሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ በጽሑፍ ትእዛዝ ላይ እምብዛም አይታይምና። ልብ የሚያነቃቃ መድኃኒት የሚሄድበት መስመር ለሌላ መርፌ አይነካም። ፉሮሰማይድ ከዶቡታሚንም ሆነ ከሚልሪኖን ጋር በአንድ ቱቦ ሲገናኝ ደፍርሶ ይዘቅጣል። ከዚህም ሌላ፣ በቱቦው ውስጥ ያለውን መድኃኒት በኖርማል ሴላይን አንድ ጊዜ ማጠብ ማለት ለደቂቃዎች የታሰበውን መጠን በአንድ ምት ወደ ልብ መወርወር ነው። ቱቦው ላይ ከፓምፑም ከካኑላውም ጫፍ የመድኃኒቱ ስም ተጽፎ ቢለጠፍ በሌሊት ተረኛ ለሆነው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

ማውረድና ወደ እንክብል መመለስ

መሻሻሉ የሚታወቀው ታካሚው ዝቅ ባለ ትራስ መተኛት ሲችል፣ እግሩ ሲሞቅና ክብደቱ በየቀኑ ሲቀንስ ነው። ክብደቱ ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን፣ ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት ይለካል። ዶቡታሚን በአንድ ጊዜ አይቆምም፤ በጥቂቱ እየተቀነሰ፣ ከእያንዳንዱ ቅነሳ በኋላ ግፊቱ፣ ሽንቱና የእግሩ ሙቀት እየታየ ይወርዳል፣ በዚያው መካከል በአፍ የሚወሰዱት የልብ መድኃኒቶች ቀስ በቀስ ይጀመራሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ተሞክሮ መቀነስ ያልተቻለ ታካሚ ስለ ልብ ንቅለ ተከላ፣ ስለ ደም መግፊያ መሣሪያ ወይም ስለ ማስታገሻ እንክብካቤ ከእሱና ከቤተሰቡ ጋር በግልጽ ሊነጋገሩበት የሚገባ ሰው ነው፤ ይህን ውይይት ለነገ ማቆየት ለማንም አይጠቅምም።

ፉሮሰማይድ ወደ እንክብል ከተዛወረ በኋላ ታካሚው በዚያው መጠን ክብደት ሳይጨምር መቆየቱ፣ ቆሞ ሲለካም ግፊቱ አለመውረዱ ይታያል። በመተላለፊያው ደርሶ ሲመለስ ትንፋሹ ካልተቆራረጠ ካኑላው ይነቀላል፤ የመውጫ ክብደቱም በካርዱ ላይ በጉልህ ተጽፎ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ለክትትል የሚመለስበት ቀን ይቆረጥለታል።