ድራጎን ጀልባ ላይ ከመሳባችሁ በፊት
ቅዳሜና እሁድ ድራጎን ጀልባ (ብዙ ሰው በከበሮ ምት አብሮ የሚቀዝፈው ረጅም ጀልባ) ላይ ቴክኒክ የምትለማመዱ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመቅዘፊያው ሰፊ ጫፍ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ሳይገባ አትሳቡ። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ግማሹ አየር ላይ እያለ ከሳባችሁት ውሃ ትረጫላችሁ እንጂ ጀልባው ብዙም አይሄድም። ከኋላ የተቀመጠውን ጓደኛችሁን ግን በደንብ ታጥቡታላችሁ። መቅዘፊያው ዳሌያችሁ ጋ ሲደርስ ከውሃው አውጡት፤ ካለፈ ውሃ ወደ ላይ ማንሳት ነው ትርፉ።

ለመለማመድ፣ ከእያንዳንዱ ቀዘፋ በፊት ከወገባችሁ ዞር ብላችሁ ወደ ፊት ተዘርጉና አንድ ሰከንድ ቆም በሉ። መጀመሪያ ላይ ያሰለቻል። እኩል ለመቅዘፍ ዓይናችሁ ደግሞ ከሁሉም ፊት ያሉት ሁለት ቀዛፊዎች ላይ ይሁን። 20 ሰው በሚቀዝፍበት ጀልባ፣ ከኋላ ሆኖ ከበሮውን ብቻ መከተል ያዘገያል።