ለሕፃን ልደትና ክርስትና የሚሰጥ፣ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ስጦታ አመራረጥ

አራስ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ልብስና ዳይፐር ይዞ ይመጣል፤ ቤቱም ያስፈልገዋል። የክርስትና አባት ወይም እናት የሚሆን ሰው፣ አያትና አክስት ግን ብዙ ጊዜ ልጁ አድጎ ሊይዘው የሚችል ነገር መስጠት ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ የሚታየው ስህተት አንድ ዓይነት ነው፤ ገንዘቡ ሁሉ ስስ ወርቅ ላይ ይወጣና ዕቃው ከማን፣ ለማን፣ መቼ እንደተሰጠ የሚናገር አንድ ቃል እንኳ አይጻፍበትም። ከሃያ ዓመት በኋላ መሳቢያ ውስጥ የተገኘች ስም የለሽ መስቀል የማን እንደሆነች እናትየዋም ትረሳዋለች። ስለዚህ ምክራችን ግልጽ ነው፤ ወፍራም ሆኖ ጽሑፍ የሚይዝ ብር፣ ጽሑፍ ከሌለው ስስ ወርቅ ይበልጣል።

ሁለት ግራም የማትሞላ የወርቅ መስቀል ስስ ቆርቆሮ ናት። ልጅ ሲነክሳት ትጣመማለች፤ ጀርባዋ ላይ ፊደል ሲመታባትም ምልክቱ በፊት ለፊቷ ይወጣል። ከዚህች ዋጋ በጣም ባነሰ ገንዘብ ከ15 እስከ 20 ግራም የሚመዝን፣ ጀርባው ለጥ ያለ የብር መስቀል ማሠራት ይቻላል። ወርቅ ካልሆነ አይሆንም ካሉ ቢያንስ አራትና አምስት ግራም ይሁን፤ ውስጡም ክፍት ያልሆነ ይምረጡ። 18 ካራት ላይ 750፣ 21 ካራት ላይ 875 የሚል ቁጥር ይታተማል። ዋጋው የዕለቱ የግራም ዋጋና የእጅ ዋጋ ተደምሮ ነው፤ በኋላ ቢሸጥ የእጅ ዋጋው አይመለስም። ስለዚህ ሁለቱን ለይቶ የሚጽፍ፣ ካራቱንና ግራሙን የያዘ ደረሰኝ ይቀበሉ። ደረሰኙም የስጦታው አካል ነው፤ ከዕቃው ጋር ይቀመጥ።

ብር ሲገዙ 925 የሚል ማኅተም ይፈልጉ፤ ከሺህ 925 እጅ ንጹሕ ብር ማለት ነው። ከጠገራ ብር ቀልጦ የተሠራ መስቀል ግን ይህን ማኅተም ቢይዝ እንኳ አይመኑት። ጠገራ የሚባለው የማርያ ትሬዛ ብር 28 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ከሺህ 833 እጅ ብር ያለው ነውና ቀልጦ 925 አይወጣውም። ያ ማለት መጥፎ ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም ሳይቀልጥ፣ 1780 የሚለው ዓመት በግልጽ የሚነበብ አንድ ጠገራ ራሱ ጥሩ ስጦታ ነው፤ ፊደል ግን አይቀረጽበት፣ ጽሑፉ በማስቀመጫ ሳጥኑ ላይ ይሁን።

ብሩ እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ማግኔት ብዙም አይረዳም፤ ብረትን ብቻ ነው የሚያጋልጠው፤ ናስና መዳብ ሾልከው ያልፋሉ። የተሻለው በውኃ መመዘን ነው። የግራም አሥረኛ የሚያሳይ ትንሽ ሚዛን ያዘጋጁና መጀመሪያ መስቀሉን ብቻውን ይመዝኑ። ከዚያ ውኃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ቁጥሩን ወደ ዜሮ ይመልሱ። መስቀሉን በቀጭን ክር አንጠልጥለው ውኃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያስምጡት፤ የብርጭቆውን ጎንም ሆነ ታች እንዳይነካ። አሁን ሚዛኑ ላይ በሚታየው ቁጥር የመጀመሪያውን ክብደት ያካፍሉ። 925 ብር 10.3 አካባቢ ይሰጣል፤ ከጠገራ የቀለጠ ወደ 10 ይጠጋል፤ ናስና ብር መሳይ የኒኬል ቅይጥ 8.5 አካባቢ ይቀራል። 20 ግራም ለሚመዝን መስቀል ሚዛኑ 1.9 ካለ ብር ነው፤ 2.3 ወይም 2.4 ካለ አይደለም። ቅርጹ ውስጥ የአየር አረፋ ከቀረ ቁጥሩ ይዛባልና ውኃው ውስጥ ነቅነቅ ያድርጉት። ድንጋይ ያለበት ወይም ውስጡ ክፍት የሆነ ዕቃ በዚህ መንገድ አይለካም።

ከመስቀሉ ይልቅ ቀድማ የምታልቀው ማንጠልጠያ ቀለበቷ ናት። ጫፍና ጫፏ እንዲሁ የተገጠመ ከሆነ በአንድ ጉተታ ትከፈታለች፤ ስለዚህ የተበየደች ትሁን፣ ውፍረቷም ከአንድ ሚሊሜትር አይነስ። በቀጭን የብር ሽቦ የተሠራ መስቀል ለዓይን ያምራል፤ ግን ጽሑፍ የሚያርፍበት ቦታ የለውም፣ ጋቢና ሹራብም እየያዘ ይመዘዛል።

አሁን ወደ ጽሑፉ። ሦስት ነገር ይበቃል፦ የልጁ ስም፣ የተወለደበት ቀን፣ የሰጪው ስም። የስሙን አጻጻፍ ከእናት ወይም ከአባት በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ሐና፣ ሃና እና ሀና ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለልደት ምስክር ወረቀት ግን ሦስት ስም ናቸው። ለቀራጩ በቃል አይንገሩ፤ በትልቁና በጥንቃቄ በወረቀት ጽፈው ይስጡት፣ ከመቅረጹ በፊትም መልሶ እንዲያሳይዎት ያድርጉ። ፊደሉ ከሁለት ሚሊሜትር ካነሰ የሕ እና የጸ ቅርንጫፎች ተደፍነው አይነበቡም። ቦታ ከጠበበ ፊደሉን ከማሳነስ ቃል ይቀንሱ። የክርስትና ስም ለማስጻፍ ካሰቡ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ እስክትጠመቅ ይጠብቁ፤ ስሙን ለሰው ማሳየት የማይፈልጉ ቤተሰቦች ስላሉም መጀመሪያ ፈቃድ ይጠይቁ።

ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፈው «ዓ.ም.» ይጨምሩበት። ልጁ ውጭ አገር ከተወለደ ሁለቱንም ቀን ያስጽፉ፤ አለበለዚያ ፓስፖርቱና መስቀሉ የማይገናኙ ይመስለዋል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ነው፤ ጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 9 ቀን 2026 ላይ ይውላል። አንድ ቀን የሚሳሳቱት ብዙዎች ጳጉሜን ስድስት የሆነችበትን ዓመት የሚረሱ ናቸው። ከእርሷ በኋላ አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ስለሚውል፣ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል።

ልብስ መስጠት የሚወድ ሰው የሕፃን ጋቢ አይዘዝ፤ ዓመት ሳይሞላው ያጥርበታል። ሙሉ መጠን ያለው፣ አራት እጥፍ ጋቢ ያሠሩ፤ ዛሬ እናት ታቅፈዋለች፣ ነገ ልጁ ይለብሰዋል። ፈትሉን ለማረጋገጥ ከተቋጨው ጫፍ አንድ ክር መዝዘው ይዩ። በእጅ የተፈተለ አንዱ ጋ ወፈር አንዱ ጋ ሳሳ ይላል። ክሩን በእሳት ቢነኩት ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ግራጫ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሽ ከሆነ ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ይሠራል። ጥለት ካለው እርጥብ ነጭ ጨርቅ ለአምስት ደቂቃ ይጫኑበት፤ ቀለም ከለቀቀ የመጀመሪያው እጥበት ነጩን ያበላሸዋል። የሚያብለጨልጨውን ክር ይተዉት፤ ከጥጡ ቀድሞ ይበጣጠሳል። ሸማኔ ጊዜ ይፈልጋልና ትእዛዙ ከመወለዱ በፊት ቢሰጥ ይመረጣል።

ብዙ ሰው የማያስበው፣ እኛ ግን አጥብቀን የምንወደው አንድ ስጦታ አለ፤ ብራና። ከቆዳ የተዘጋጀ አንድ ገጽ፣ መጠኑ ከደብተር ገጽ የማይበልጥ፣ በጥላሸት ቀለምና በመቃ የልጁ ስም፣ የወላጆቹና የአያቶቹ ስም፣ የልደቱና የጥምቀቱ ቀን ይጻፍበታል። ጥላሸት ካርቦን ስለሆነ ብርሃን አያደበዝዘውም። ብራና የሚፈራው እርጥበትና ሙቀት ነው፤ ይጠቀለላል፣ ይሸበሸባል። ላሚኔት ማድረግ ያበላሸዋል፤ የፍሬሙ መስተዋት ብራናውን እንዳይነካው ከዳር ዳር ካርቶን ገብቶለት በፍሬም ይደረግ፣ ከምድጃና ከመታጠቢያ ክፍል ግድግዳም ይራቅ።

ቤተሰቡ ሙስሊም ከሆነ ወርቅ ለወንድ ልጅ ጌጥ ስለማይፈቀድ ብር ወይም ጋቢ ይምረጡ፤ አቂቃ (ለልጁ መወለድ የሚታረድበት ሥርዓት) አብዛኛውን ጊዜ በሰባተኛው ቀን ስለሚደረግ ጊዜው አጭር ነው።

ዕቃው የልጁ ቢሆንም ሕፃኑ አንገት ላይ ሊውል አይገባም። በተኛበት ገመድና ሰንሰለት አንገት ያንቃል፤ በሶፍት ጥቅል ካርቶን ውስጥ ሊያልፍ የሚችል ነገርም ጉሮሮ ይዘጋል። ስለዚህ ከባዱን መስቀል ቢያንስ ሦስት ዓመት እስኪሞላው እናት ታስቀምጠው። ስለ ማተቡ ከንስሐ አባት ጋር ይነጋገሩ፤ ሲተኛ መፍታት ይቻል እንደሆነም ይጠይቁ።

ብርን የሚያጠቁረው በአየር ውስጥ ያለ ድኝ ነው። በሚዘጋ ትንሽ ፕላስቲክ ከረጢት ያኑሩት፤ የላስቲክ ማሰሪያ አብሮት አይግባ፣ እርሱም ድኝ አለበትና። ሲጠቁር ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። የጥርስ ሳሙና ይፍቀዋል። በአልሙኒየም ፎይል፣ በፍል ውኃና በመጋገሪያ ሶዳ መዘፍዘፍ በደንብ ያነጣል፤ ግን አንጥረኛው ቅርጹ እንዲጎላ ሆን ብሎ ያጠቆረውንም ያጠፋዋል።

ጋቢውን ከማስቀመጥዎ በፊት በቀዝቃዛ ውኃ ያጥቡት፤ አሚዶ ካለበት ተባይ ይጠራል። በረኪና አይንካው። ጥላ ላይ አድርቀው በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው ያኑሩት፤ በዓመት አንዴ አውጥተው እጥፉን ይቀይሩ፣ እዚያው መስመር ላይ ከሰነበተ ክሩ ይበጠሳል። ናፍታሊን በሕፃን ልብስ መካከል በፍጹም አይጨምሩ፤ አንዳንድ ሕፃናት በተፈጥሯቸው ለእርሱ ተጋላጭ ስለሆኑ ቀይ የደም ሴላቸው እየፈረሰ በጠና ይታመማሉ።

ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ከሆነ አዲስ የተሠራ መስቀል ከነደረሰኙ ይላኩ። አሮጌ መስቀልና የቆየ ብራና ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ከኢትዮጵያ አይወጣም፤ አየር ማረፊያ ላይ ይያዛል። አዲሱ የብራና ገጽዎም የቆየ እንዳይመስላቸው የተጻፈበት ቀንና የጸሐፊው ስም ከታች ይኑርበት።