የጓሮ አትክልትን ከቁራ፣ ከትልና ከፍልፈል ለመጠበቅ

በደጋና በወይና ደጋ ከተሞቻችን በጓሮው ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቲማቲምና ጥቂት በቆሎ የሚያለማ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊለምደው የሚገባው ሥራ፣ ጥፋቱን ያደረሰው ማን እንደሆነ መለየት ነው። ጠዋት የተበላሸ መደብ ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ እዚያው ቆሞ ያገኘውን ቁራ ይከስሳል፤ ቁራው ግን የመጣው ሌሊት ችግኙን የቆረጠውን ትል ሊለቅም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መረብም ሆነ መድኃኒት ከመግዛት በፊት ጎንበስ ብሎ መደቡን መመርመር ይገባል።

ችግኙ ከነሥሩ ተነቅሎ እዚያው ከተጣለ፣ በተለይም ከበቆሎው ሥር ያለው ፍሬ ከተበላ፣ ሥራው የቁራ ነው። ግንዱ ልክ ከአፈሩ ወለል በምላጭ የተቀነጠሰ መስሎ ወድቆ ከተገኘ ደግሞ ቆራጭ ትል ነው፤ በዙሪያው ያለውን አፈር ጥቂት ሴንቲ ሜትር ጫር ጫር ቢያደርጉ ግራጫ ትል ተጠቅልሎ ተኝቶ ያገኙታል። ቅጠሉ ተበሳስቶ የሚያብረቀርቅ የዝልግልግ መስመር ከታየበት ቀንድ አውጣ፣ ቅጠሉ ተጨማዶ ሲነካ የሚያጣብቅና ጉንዳን የሚመላለስበት ከሆነ ክሽክሽ (የቅጠልን ጭማቂ የሚመጥ ደቃቅ ነፍሳት)፣ ደህና የነበረ ካሮት ወይም ድንች በድንገት ጠውልጎ ከአጠገቡ አዲስ የአፈር ቁልል ከታየ ደግሞ ፍልፈል መሆኑን ይወቁ።

ቁራን በተመለከተ ማስተዋል የሚገባው ትልቁ ነገር፣ ከባድ ጉዳት የሚያደርሰው ዓመቱን ሙሉ ሳይሆን ዘሩ ከበቀለበት ወይም ችግኙ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ባሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት መሆኑ ነው። የበቆሎ ቡቃያ ከሥሩ ያለውን ፍሬ ተመግቦ እስኪጨርስና ሥሩ አፈሩን አጥብቆ እስኪይዝ ድረስ ለቁራ ቀላል ቀለብ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስቦ መንቀሉም ያስቸግረዋል፣ ቢነቅለውም የሚበላ ፍሬ አያገኝበትም። በመሆኑም ጉልበትንና ገንዘብን በእነዚህ ሳምንታት ላይ ማዋል ይበጃል። የበቆሎ ዘር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ ይዘራ፤ ከላዩም አፈሩ በደንብ ይጠቅጠቅ። መደቡን በቀጭን የእሾህ ቅርንጫፍ መሸፈን፣ ገበሬው ከጥንት ጀምሮ የሚሠራበት፣ ወጪ የሌለውና በእኔ እምነት ከብዙ ዘመናዊ ዘዴ የሚሻል መከላከያ ነው። እሾህ የማይገኝ ከሆነ በመደቡ ዳርና ዳር ችካል ተክሎ ቀጭን ሲባጎ ወይም የዓሣ ማጥመጃ ክር ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ወዲህና ወዲያ መወጠር ይቻላል፤ ቁራ ክንፉ የሚጠላለፍበት በሚመስለው ቦታ ማረፍ አይወድም።

መረብ የሚጠቀም ሰው በቅጠሉ ላይ በቀጥታ ሳይጥል በቅስት ሽቦ ወይም በሸምበቆ ላይ ወጥሮ፣ ጠርዙን በድንጋይ ወይም በአፈር ይጫነው፤ የላላ መረብ ወፎችን አስሮ ይገድላል። ለወባ መከላከያ የሚታደለውን በኬሚካል የተነከረ አጎበር ግን ለዚህ ማዋል አይገባም፤ ቦታው አልጋ ነው፣ ኬሚካሉም ከምንበላው ቅጠል ጋር መነካካት የለበትም።

አሮጌ ኮት ለብሶ የሚቆመው ማስፈራሪያ ለጥቂት ቀናት ይሠራል፤ ከዚያ ቁራው ራሱ ላይ ያርፍበታል። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ጆን ማርዝሉፍ እ.ኤ.አ. በ2006 ከባልደረቦቻቸው ጋር ጭምብል አጥልቀው በሲያትል ጥቂት ቁራዎችን ይዘው ከለቀቁ በኋላ፣ ወፎቹ ያንን ጭምብል ያደረገ ሰው ባዩ ቁጥር ለዓመታት እየጮኹ ሲያሳድዱት ታይተዋል። የሰውን ፊት ለይቶ ለዓመታት የሚያስታውስ ወፍ የማይንቀሳቀስን እንጨት ለረጅም ጊዜ ሊፈራ አይችልም። ስለዚህ ማስፈራሪያውን በየሁለትና ሦስት ቀኑ ቦታውንና ልብሱን መለወጥ፣ አብሮትም ነፋስ የሚያወዛውዘው አሮጌ ሲዲ ወይም የሚያጉረመርም የካሴት ክር ማሰር፣ አደጋው ሲያልፍ ደግሞ ሁሉንም ማንሳት ያስፈልጋል፤ ዓመቱን ሙሉ ከቆመ በሚቀጥለው ዘር ጊዜ ምንም አይጠቅምም።

ቁራ በመርዝ መገደል የለበትም ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ። መርዝ የበላውን ቁራ ጥንብ አንሳ፣ ጭልፊት፣ ውሻና ድመት ይበሉታል፤ ጥፋቱም ከጓሮው አጥር ያልፋል። ከዚህም በላይ ቁራ ተባይ ለቃሚ ነው። ከማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለውና ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋማ አካባቢዎች በቀር በብዛት የማይገኘው ባለ ወፍራም መንቆር ቁራ፣ ፋንድያ እየበተነ በውስጡ ያለውን የጥንዚዛ ትል ለቅሞ ይበላል። ያልበሰለ ፍግ የተደፋበት መደብ ቁራ የሚበረብረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፍጉ አስቀድሞ በደንብ ከተብላላ ትሉም ይቀንሳል፣ ቁራውም መደቡን የሚጭርበት ምክንያት አይኖረውም።

ለቆራጭ ትል የሃይላንድ ጠርሙስ ከላይና ከታች ቆርጦ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው ቀለበት ማዘጋጀት፣ ችግኙን በውስጡ አድርጎ 3 ሴንቲ ሜትሩን አፈር ውስጥ ማስጠለቅ ይበቃል። ቀንድ አውጣን ማታ ማታ በባትሪ ብርሃን በእጅ መልቀም፣ ወይም እርጥብ ሳንቃ መሬት ላይ ትቶ ጠዋት ከሥሩ ማንሳት ነው፤ በክረምት ይህን ሥራ ማቋረጥ አይቻልም።

በበጋ ጎመንን በብርቱ የሚጎዱት ክሽክሽና ሲነካ ወደ ኋላ እየተፈራገጠ በክር የሚንጠለጠለው ትንሽ አረንጓዴ ትል ናቸው፤ በክረምት ዝናቡ ራሱ እያጠበ ቁጥራቸውን ይቀንሰዋል። ለክሽክሽ በ1 ሊትር ውኃ ከ1 እስከ 2 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ፣ አስቀድሞ በአንድ ቅጠል ላይ ሞክሮ፣ ፀሐይ ከበረደ በኋላ በተለይ የቅጠሉን ጀርባ መርጨት ነው። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ነፍሳት ብቻ ስለሆነ በየጥቂት ቀኑ መደገም አለበት። ለትሉ ኒም የተባለው ዛፍ ፍሬ ይሻላል፦ 50 ግራም የደረቀ ፍሬ ወቅጦ በ1 ሊትር ውኃ ማሳደር፣ አጥልሎም ማታ መርጨት ያስፈልጋል፤ ፀሐይ ኃይሉን ያዳክመዋልና። አመድም ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ቢነሰነስ ይረዳል፤ ሆኖም በብዛት ከተደጋገመ የአፈሩን ጠባይ ስለሚለውጥ በልክ መሆን አለበት።

የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ እ.ኤ.አ. በ2012፣ የአሜሪካ ተምች ደግሞ በ2017 ወደ አገራችን ከገቡ ወዲህ የጓሮ አትክልተኛም በየሳምንቱ ቅጠል መመርመር ግድ ሆኖበታል። የተሰረሰረውን የቲማቲም ቅጠል ቆርጦ በፌስታል አስሮ ፀሐይ ላይ ማቆየት እንጂ ከተክሉ ሥር መጣል አይገባም፤ በበቆሎው እምብርት የተደበቀውን ተምች ደግሞ በእጅ ለቅሞ መጨፍለቅ ለጥቂት ተክሎች በቂ ነው። ወፎች የሚወጉትን ቲማቲም በተመለከተ፣ መቅላት እንደጀመረ ለቅሞ ቤት ውስጥ ማብሰል ሁሉንም ጭቅጭቅ ይገላግላል።

ለፍልፈል ከሁሉ የሚሻለው መደቡ ከመዘጋጀቱ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። አፈሩን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍሮ አውጥቶ፣ ቀዳዳው ከጣት የጠበበ የብረት ወንፊት ከታች ማንጠፍ፣ ጠርዙንም በመደቡ ዙሪያ ወደ ላይ ማጠፍ፣ ከዚያ አፈሩን መመለስ ነው። የመጀመሪያው ወጪ ይከብዳል፤ ነገር ግን ድንችና ካሮት በየዓመቱ ለሚተክል ሰው የሚያዋጣው ይኸው ነው።